ፊደል መቁጠርና ፊደል መለየት

ደሴ ፒያሳ ላይ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር እየሄድን ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳትሳሳት ትዘምረዋለች። እናቷ በዚህ በጣም ትኮራለች፣ ልክም ናት። አንድ ዳቦ ቤት ጋ ስንደርስ ቆምኩና ከበሩ በላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኋት። «ይቺ የመጀመሪያዋ ምን ትላለች?» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሀ ሁ ሂ ሃ፣ ለ ሉ ሊ ላ... ነገሩ ገባኝ። ፊደሏን ለማግኘት ከመጀመሪያው ተነስታ እየቆጠረች ነው። ደ በገበታው ላይ ሃያ አራተኛዋ ረድፍ ናት። ዳ ጋ ለመድረስ 164 ፊደል ማለፍ አለባት። ረ አካባቢ ስትደርስ ጠፋባትና ተወችው።

ዳቦ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በየቀኑ ትበላዋለች። ዳ የሚለው ድምፅ በአፏ አለ። የዳ ቅርጽም ገበታው ላይ በየቀኑ አይኗ ስር ነው። ሦስቱን ያገናኘላት ሰው ግን የለም።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሁለት አባባል አለው። «ፊደል ቆጠረ» እንላለን። «ፊደል ለየ» ደግሞ እንላለን። ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር እናወራቸዋለን እንጂ አንድ አይደሉም። የቆጠረ ልጅ ቅደም ተከተሉን ያውቃል። የለየ ልጅ አንዲት ፊደል ከየትም ቦታ ብቻዋን ብትመጣበት ያውቃታል፤ ቃል ሲሰማም በየትኛዋ እንደሚጀምር ይነግርሃል። ማንበብ የሚጀምረው ከመለየት ነው። በኬጂና በአንደኛ ክፍል ግን ብዙ ጊዜያችን የሚያልቀው በመቁጠር ነው።

ይህ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዓለም ባንክ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ግድም ከሆናቸው ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በእኛ አካባቢ የተደራረበ ነገርም አለ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ክረምት ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖች ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ያኔ ፊደል መያዝ የነበረባቸው ልጆች ዛሬ ከፍ ያለ ክፍል ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ፊደል ሳይለዩ ያለፉ አሉ። ሲያነቡ አጎንብሰው ጓደኛቸውን የሚከተሉ ልጆችን ያየ መምህር ይህን ያውቃል።

የቀደሙት መምህራን ችግሩን አውቀውት ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ይገባል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። አንዱ ከግዕዝ፣ ሌላው ከካዕብ፣ ሦስተኛው ከሣልስ እያለ በሰያፍ ይሄዳል። ለምን? ልጁ የለመደው ዜማ እንዲሰበርበት ነው። ምላሱ ቀድሞ መሮጥ አይችልም፤ ፊደሏን ማየት አለበት። እርግጥ አቡጊዳም ቆይቶ ይሸመደዳል። ያኔ የኔታ በስንደዶ ከመሃል ይጠቁማሉ፣ ከታች ይጠቁማሉ፣ ልጁ እስኪለይ ድረስ። ዘመናዊው ክፍል ዜማውን ወሰደና ስንደዶውን ተወው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ብዙ ልጅ ጽሕፈትን መጀመሪያ የሚያየው ቁርአን ቤት፣ ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። ይጽፋል፣ ያጥባል፣ መልሶ ይጽፋል። እጁ ይሠራል ማለት ነው። ፈትሃ፣ ከስራና ደማ የሚባሉትን የአረብኛ አናባቢ ምልክቶች ያወቀ ልጅ አንድ ፊደል ምልክት ሲጨመርበት ድምፁ እንደሚለወጥ ቀድሞ ገብቶታል። ካዕብና ሣልስ ለእሱ እንግዳ ነገር አይደሉም። መምህሯ ይህን ብታውቅ ከባዶ አትጀምርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመነሻ ድምፅ ማለት ቃሉን ስንጠራው መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው ነው። ለአዋቂ ይህ ቀላል ይመስላል። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን «ማንኪያ» አንድ ሙሉ ነገር ነው። የሚበላበት ነው። ቃሉ ከድምፆች የተሠራ መሆኑን፣ ማ ከፊት ቆማ ሌሎቹ እንደሚከተሏት ማስተዋል ራሱን የቻለ እርምጃ ነው። ይህ የጆሮ ሥራ ነው። ጆሮ ካልሠራ አይን ብቻውን የትም አያደርስም።

በዚህ በኩል ፊደላችን ትልቅ ስጦታ ነው። የፊደሉ ስምና የፊደሉ ድምፅ አንድ ነው። ማ ስሟም ማ፣ ድምፅዋም ማ። ልጅ ደግሞ «ም» የምትለውን ነጠላ ድምፅ ነጥሎ ከመስማቱ በፊት «ማ» የምትለውን ሙሉ ቁራጭ ይሰማል። ፊደላችን የተሠራው የልጅ ጆሮ በሚይዘው ልክ ነው። የሚከብደው ብዛቱ ነው። 33 ረድፍ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፣ እንደ ኳና ጓ ያሉትን ዲቃሎች ሳንቆጥር። ብዛቱን ፈርተን ነው በዜማ የምናሳልፈው። ግን 231 ፊደል በአንድ ጊዜ ዘምሮ አንዱንም ካለመለየት በአንድ ወር አምስት መለየት ይሻላል።

እንዴት ነው የሚለየው ካላችሁ፣ ከሞከርኳቸው ሁሉ የምወደው ዘንቢሉ ነው። አንድ ዘንቢል ውስጥ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ማስቲካ፣ ድንች፣ ድንጋይ፣ ትንሽ ድስት ይገባል። መሬት ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ ይሠራል። ልጁ አይኑን ጨፍኖ እጁን ያስገባል፣ ይዳብሳል፣ አንዱን ያወጣል። ስሙን ይጠራል። ከዚያ መጀመሪያዋን ያዝ አድርጎ ይለቃታል፤ «ማ... ንኪያ»። ክፍሉ አብሮት ይላል። ከዚያ ክቡ ውስጥ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ቀን ፊደል የሚባል ነገር አይታይም። ጆሮ ብቻ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ክብ ውስጥ ማ፣ ሌላው ውስጥ ድ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። በሦስተኛው ቀን ዘንቢሉ ውስጥ ክር ይገባል። ልጆቹ ያወጡትና ግራ ይጋባሉ። «ቲቸር፣ ይሄ ቤት የለውም!» ይላሉ። ይህን ያለ ልጅ እየለየ ነው።

አንዱ ልጅ መቀስ አውጥቶ ማ ውስጥ ሊከተው ይችላል። አትቆጡት። መቀስ በመ ይጀምራል እንጂ በማ አይደለም፤ ግን ልጁ የሰማው ነገር ትክክል ነው። ሁለቱ አንድ ዘር እንደሆኑ ሰምቷል። መቀሱን ከክቡ ጠርዝ ላይ አስቀምጡለትና «ዘመዷ ናት፣ ግን ሌላ ናት» በሉት። የመ ቤተሰብ ለእሱ ያን ቀን ተከፈተ። (በነገራችን ላይ ሲኒ ዘንቢል ውስጥ አትጨምሩ። ግማሹ ቤት ሲኒ ይላል፣ ግማሹ ስኒ። ክርክሩ አያልቅም።)

ኮምቦልቻ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። የውሃ ሥዕል ለልጆች ታየ። ሁሉም «ው!» አሉ። አንዲት ልጅ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቢ!» አለች። ልጆቹ ሳቁባት። አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኳት። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ውሃ ለእሷ ቢሻን ነው። ቢሻን ደግሞ የሚጀምረው በቢ ነው! ከክፍሉ ሁሉ ይበልጥ የሠራችው እሷ ነበረች። ቃሉን ከራሷ ቋንቋ አምጥታ፣ መነሻውን ነጥላ፣ ድምፁን ተናገረች። ኮምቦልቻ ከከሚሴ ቅርብ ናት፤ እንዲህ ያሉ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ቁጣ ወይም ሳቅ ካገኛቸው ጆሯቸውን ማመን ያቆማሉ። ስለዚህ ሥዕል ከማሳየት በፊት «ይህን እቤት ምን ትሉታላችሁ?» ማለት ግድ ነው። ቡና ጥሩ መነሻ ይሆናል። በአማርኛም በኦሮምኛም በቡ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አሁን አሁን «በተግባር ማስተማር» የሚለው ቃል በሁሉም ኬጂ አፍ ላይ ነው። ጥሩ ነው። ግን ሀ ላይ ጥጥ ሲለጥፉ፣ ለን ቀለም ሲቀቡ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅባቸው ክፍሎች አይቻለሁ። እጅ ይሠራል፣ ጆሮ ተኝቷል። ልጁ ጥጡን ለጥፎ ሲጨርስ «ይቺ ምን ትላለች?» ብትሉት ያያችኋል። የእጅ ሥራው ዋጋ የሚኖረው ጣት ፊደሏን ሲከተል አፍ ድምፅዋን ካለ፣ ጆሮም ከሰማ ነው። ሰፌድ ላይ ደረቅ አሸዋ አፍስሶ በጣት ባ እየጻፉ «ባ፣ ባቄላ» ማለት ምንም ወጪ የለውም። በበልግ ዝናብ ጊዜ ደግሞ የደሴ ጭቃ ራሱ መጫወቻ ነው። ልጆቹ ጭቃ ማድቦልቦል ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁበታል።

ቅደም ተከተሉስ? ከሀ መጀመር ግዴታ ነው? አይመስለኝም። ገበታው ላይ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ረድፎች ተመልከቱ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ። ሰባት ፊደል ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አምስት ነው። ሀና ሐ፣ ሠና ሰ በዛሬ አማርኛ አንድ ናቸው። ገና ድምፅና ቅርጽ ማገናኘት ለጀመረ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ይቺም ሀ ናት፣ ያቺም ሀ ናት» ማለት ከባድ ነገር ነው። ሐዋ፣ ሀናና ኃይሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የስማቸው መጀመሪያ ሦስት ዓይነት መሆኑን የሚያዩበት ቀን ይመጣል። ያ ቀን ግን የመጀመሪያው ሳምንት አይደለም። ጎልቶ በሚሰማና እጅ ላይ ዕቃ ባለው ይጀመር። በ፣ ማ፣ ድ፣ ቡ፣ ሽ። በር፣ በርበሬ፣ በሶ። ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ሽንብራ። ሀሁ ዜማው ይቅር አላልኩም። ልጆች ይወዱታል፣ ባህላችንም ነው። ጠዋት ይዘመር። ማስተማሩ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምር።

ቅርጹን ለማስያዝ ደግሞ ስፌት የሚሰፋበት ስንደዶ ይበቃል። ሁለት እግርና አንድ ጣሪያ ሥሩ። በ ሆነች። ከቀኝ እግሯ ወገብ ላይ አጭር ቁራጭ ጨምሩ፤ ቡ። ቁራጯን ወደ እግሯ ታች አውርዷት፤ ቢ። ቁራጯን አንሱና የግራ እግሯን አሳጥሩ፤ ባ። ግራውን መልሱና የቀኙን አሳጥሩ፤ ቦ። ልጁ ሰባቱን ፊደል እንደ ሰባት እንግዳ ማየት ያቆማል። አንዲት በ ናት፣ የሚለዋወጠው እግሯ ነው። እንደ ረና ፈ ያሉ ከሕጉ ወጣ የሚሉ አሉ፤ እነሱ ቆይተው ይምጡ።

ሌላ የምወደው ቆቡ ነው። ሰ አናቷ ላይ ምልክት ስትጭን ሸ ትሆናለች። ተ ቸ ትሆናለች። ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ። የፊደል አባቶቻችን እነዚህን ቅርጾች ሲሠሩ ድምፁን ሰምተው ነው። ሰ በሉ፣ ከዚያ ሸ በሉ። ምላሳችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ትሸሻለች። ልጆቹ ምላሳቸውን እየተከታተሉ ይህን ሲያገኙት ፊታቸው ላይ የሚታየውን ደስታ ማየት ነው። በካርቶን የተቆረጠች ትንሽ ቆብ ሰ ላይ ሲያስቀምጡ «ሰ» የነበረው ክፍል በአንድ ድምፅ «ሸ!» ይላል።

ከጨዋታዎቻችን መካከል ሰኞ ማክሰኞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በየሳጥኑ ፊደል ይጻፋል። መምህሯ «በርበሬ» ስትል ልጁ በ ላይ ይዘላል። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ተቀምጠው የሚሠሩትን በጆንያ ላይ አድርጉና ዝላዩን አስቀድሙ። ይሞቃሉ። 25 ኪሎ ሜትር ግድም ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ደግሞ ቦታው ሞቃት ነውና ዛፍ ጥላ ስር መሥራት ነው።

እንቆቅልህም አለ። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» «በማ የሚጀምር፣ ጣፋጭ።» ማር። ያላወቀ አገር ይሰጣል አይደል? አገሩም በድምፅ ይሁን። «በኮ የሚጀምር አገር ስጠኝ።» ኮምቦልቻ። በባ፣ ባቲ። በወ፣ ወልድያ። በደ ሲባል ሁሉም ልጅ አንድ ላይ ይጮሃል። ይህ ጨዋታ ዕቃ አይፈልግም፤ ማታ ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይሆናል። ወላጆች ማንበብ ባይችሉ እንኳ ያጫውቱታል። የመነሻ ድምፅ ለመስማት ፊደል ማወቅ አያስፈልግም።

«ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል?» የሚሉ መምህራን ትክክል ናቸው። ስልሳ ልጅ በአንድ ዘንቢል ዙሪያ አይቀመጥም። አሥር ዘንቢል፣ በእያንዳንዱ ስድስት ልጅ ይሆናል። ዘንቢል ባይኖር ፌስታል ይሁን። ዕቃውን ልጆቹ ከቤት ያመጡታል፤ «ነገ በድ የሚጀምር ነገር ይዛችሁ ኑ» ሲባሉ የቤት ሥራውም ያ ነው። ከየግሮሰሪው የሚለቀም ቆርኪ ውስጡ ላይ በማርከር ፊደል ሲጻፍበት የአንድ ዓመት መማሪያ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አደራ። ቆርኪና ሽንብራ ለአራት ዓመት ልጅ አይሰጥም። አፍ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ለትንንሾቹ ትልልቅ ዕቃ ምረጡ። ሩብ ሰዓት በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ጨዋታው ወደ ትርምስ ይቀየራል።

በ2015 የጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ጥሩ እርምጃ ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሚቆጠርበት ከሆነ ጊዜው ቢረዝም ምን ይጠቅማል? ለኬጂ መምህራን የሚሰጠው ሥልጠና በዚህ ላይ ቢያተኩር ምንኛ በወደድኩ። ብዙዎቹ በትንሽ ደመወዝ፣ በትልቅ ፍቅር የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ይህን ያሳያቸው ሰው አለ ወይ ብለን ሳንጠይቅ ልጁ አላነበበም ብለን እነሱን መውቀስ ልክ አይደለም።

እንግሊዝኛውን ሳላነሳ አላልፍም፤ ምክንያቱም ደሴም ኮምቦልቻም ወላጅ ለግል ኬጂ ገንዘብ የሚከፍለው በአብዛኛው ለእሱ ነው። «ኤ ፎር አፕል፣ አይ ፎር ኢግሉ» ይባላል። ኢግሉ በረዶ አገር ያለ የበረዶ ቤት ነው። የእኛ ልጅ አይቶት አያውቅም፣ ቃሉንም አያውቅም። የማያውቀውን ቃል መነሻ ድምፅ እንዴት ይሰማል? ደግሞ በእንግሊዝኛ የፊደሉ ስምና ድምፅ ይለያያሉ። ደብልዩ ስሙ ውስጥ የራሱ ድምፅ የለም። ለዚህም ነው እንግሊዝ አገር ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከኤ፣ ቢ፣ ሲ የማይጀምሩት። የኤስ፣ የኤ፣ የቲ፣ የፒ፣ የአይና የኤን ድምፆችን ያስቀድማሉ፤ ከእነዚህ ወዲያው አጫጭር ቃላት ይሠራሉና። እዚህም ሳድሳችን ይረዳል። ቲን «ተ» ሳይሆን «ት»፣ ፒን «ፐ» ሳይሆን «ፕ» ብሎ የተማረ ልጅ ድምፆቹን ሲያገጣጥም አይደናቀፍም። በአማርኛ የመነሻ ድምፅ መስማት የለመደ ጆሮ እንግሊዝኛውንም ይሰማል። ስለዚህ አማርኛው እንግሊዝኛውን አያዘገየውም፤ መንገዱን ይጠርግለታል።

ልጁ ይለይ አይለይ ለማወቅ ፈተና አያስፈልግም። አምስት ፊደል ያለ ቅደም ተከተል ጽፋችሁ አንዷን ጠቁሙ። «በዚህች የሚጀምር ነገር አምጣልኝ» በሉት። ዞር ብሎ ዕቃ ፈልጎ ካመጣ ለይቷል። ከንፈሩ ሀ ሁ ሂ ማለት ከጀመረ ገና እየቆጠረ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት ክፍሉን ሁሉ ማዳረስ ይቻላል።

ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ማታ ማታ ቡና እስኪፈላ ዘንቢሉን እንጫወታለን። እስካሁን ዘጠኝ ፊደል ለይታለች። ዳ አንዷ ናት።